የጆሮ መደላድል

ያን ማዳመጫ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ከጌጤ ሰምታችሁ «ደበቀችን» እንዳትሉኝ ነው። ጌጤ ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ስታወራው ቅቤው ቅል ሙሉ ይሆናል። አንድ ጣት ነበር። እርግጥ ሦስት ቀን ተከታትሎ ነው፣ በየቀኑ አንድ አንድ ጣት።

ባለቤቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ እዚህ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። እኔ የአህያ መደላድል እሰፋለሁ፤ ከጭነቱ ሥር ጀርባዋ ላይ የሚጣለውን ማለቴ ነው። አርብ ገበያ ከሚመላለሰው ነጋዴ ግማሹ የሚጭነው በኔ መደላድል ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ሰባት ወር ነው። በስምንተኛው አጨዳ ደረሰና ቀረሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ወልደ ጊዮርጊስ የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ነበር። ጢም ሳያበቅል መጥቶ ጢሙን አሳድጎ ሄደ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከመሪጌታ ዜማ፣ ከኔ ደግሞ ቆሎና ስድብ ሲቀበል ኖሮ፣ አሁን አዲስ አበባ የተከበረ ሰው ሆኗል። የዓመቱን ድጓ ከዳር እስከ ዳር እያዜመ በድምፅ ይቀዳል፤ ዜማው ሰው ሲሞት አብሮ እንዳይቀበር ብሎ። ብቻ መምህሩ ሰምተው «ልክ ነው» ብለው በፊርማና በማኅተም ካልመሰከሩለት እዚያ ያሉት ሊቃውንት አይቀበሉትም። የቤተ ልሔም ወግ ይኸው ነው፤ ያልተመሰከረለት ሰው እንደ መላእክት ቢያዜም እንኳ አዳማጭ የለውም።

ሁለት ሺህ አምስት ሊገባ ሲል፣ ለፍልሰታ መጥቶ ድምፁን የሞላበትን ትንሽ ሣጥን፣ ፀሐይ የሚሞቅ ቻርጀርና ያን ማዳመጫ አመጣ። ማዳመጫው ጥቁር ነው፤ ሁለት ጎድጓዳ ነገር በአንድ ቅስት ተያይዞ ከራስ ላይ ይደፋል። ጎድጓዳው አፍ ላይ ዙሪያውን ለስላሳ ትራስ አለው።

«የኔታ፣ ይህ ተራ አይደለም» አለ። «ባለሙያዎች የቀዱትን የሚመረምሩበት ነው። የመዘምሩን ትንፋሽ ሳይቀር ያሰማል።»

«ትንፋሹ ምን ያደርግልኛል?» አሉ መሪጌታ። «ዜማውን ያሰማኝ።»

አሰማቸው። እኔንም አንድ ጊዜ ደፋብኝና ከበሮው ሲመታ ጉበቴ ላይ ተሰማኝ። መልሼ ሰጠሁት። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጉበቱ የሚመታበት ምክንያት አልታየኝም።

መሪጌታ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው መስማት ያዙ። መስከረምን እንዲህ አሳለፉ። ችግሩ ጆሯቸው ነው። የመሪጌታ ጆሮ ትልቅ ነው፤ እግዜር ለድጓ ሲፈጥራቸው አልሰሰተባቸውም። ከትራሱ ቀዳዳ ተርፎ ጫፉ ይጨፈለቃል፤ ሲያወልቁት እንደ በርበሬ ቀልቷል። አዘንሁላቸው። ትራሱን ዳበስሁት፤ ደረቅ ያለ መሰለኝ። እኛ ዘንድ ጠፍር ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

ቆዳ መስሎኝ ነበር። ቆዳ የሚመስል ሌላ ነገር ኖሯል።

በአራተኛው ቀን መላጥ ጀመረ። ጥቁር ቅርፊት ከመሪጌታ ጢም ላይ፣ ከትከሻቸው ላይ፣ ከወጡ ላይ ሳይቀር ይለቀም ጀመር።

«ብርቄ» አሉኝ። «ጆሮዬ እየተላጠ ነው።»

«ዕድሜ ነው» አልኋቸው።

«ጆሮ በዕድሜ ይላጣል?»

«ምን የማይላጥ አለ?»

ሰባት ቀን ጸበል ተጠመቁ። ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርሁም። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን አንድ ጊዜ «አጠፋሁ» ብያለሁ፤ እሱም የሳቸው ጥፋት ነበር። በዚያው ሰሞን የትራሱ ሆድ ዕቃ ተፈርፍሮ አለቀ። ከጸበሉ ሲመለሱ የቀራቸው እንደ አሮጌ ቀሚስ ጫፍ የተንጠለጠለ ጨርቅ ነው። ጆሯቸው በቀጥታ ከላስቲኩ ጋር ይጋጫል። እሳቸው ዓይናቸው ቅርብ አያይም፤ ምንም አላስተዋሉም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ገባ ብሏል፣ መደቡ ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና ማዳመጫውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ብርቄ።»

«አቤት።»

«ወልደ ጊዮርጊስ ከበሮውን ምን አደረገው?»

«ምን ያደርገዋል?»

«ጥሎታል። ጣሳ ነው የሚመታ።»

«የምን ጣሳ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የዘይት ጣሳ ይሆናል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ ይላል። የከበሮው ሆድ የለም። ድምፁም ከደረቱ መውጣት ትቶ ካፍንጫው ነው የሚወጣ። የከተማ አየር በልቶታል።»

«እሱ ልጅ ይህን አያደርግም።»

«ጆሮዬ እኮ ነው የሰማው።»

ውስጥ ሲገቡ አንሥቼ ደፋሁት። እውነትም ጣሳ ነው። ጉበቴ ላይ የመታው ከበሮ የለም፤ አንድ ቀጭን ሰው ከሩቅ ቆርቆሮ ይቆረቁራል። ያኔ ገባኝ። ጎታ ሲቀደድ አስቀድሞ የሚፈሰው ከታች ያለው እህል ነው። ትራሱ ስለጠፋ የድምፁ የታችኛው ወገን በዳር በዳር እየፈሰሰ ነው።

ቤት ስገባ መሪጌታ ብርዕ አንሥተው ደብዳቤ ይጽፋሉ። አዲስ አበባ ላሉት ሊቃውንት ነው። ከትከሻቸው በላይ ሆኜ ፊደል በፊደል አነበብሁት፤ «ከበሮ ጥሎ ጣሳ የሚመታ ደቀ መዝሙር የለኝም» ይላል።

«ለምን በስልክ አይጠይቁትም?» አልሁ።

«በስልክ የተመሰከረ ምስክር አለ? ምስክሩም ክህደቱም በወረቀት ነው። አርብ ሙላው ገበያ ሲወርድ ይወስድልኛል፤ ከዚያ በመኪና ይሄዳል።»

ሙላው አህያ ነጂ ነው፤ የላኩትን የማያጠፋ፣ ጎርፍ በሞላበት ቀን እንኳ ዕቃ የማይጥል ሰው። ደብዳቤው ከተነሣ ይደርሳል። ከደረሰ ደግሞ ወልደ ጊዮርጊስ አለቀለት። መምህሩ የካደው የድጓ መምህር፣ እንኳን ሊያስቀዳ፣ ማኅሌት መቆሚያ አያገኝም። ይህ ሁሉ በሦስት ጣት ቅቤ።

ማክሰኞ ጧት መሪጌታ ተማሪዎቻቸው ዘንድ ሲሄዱ ሥራ ጀመርሁ። እስከ አርብ አዲስ ትራስ መስፋት አለብኝ፤ በልቤ ያለው ይኸው ነው። ለመናገርማ ምን ጊዜም ይደረስበታል።

ቸኮልሁ። ለአህያ እንደማደርገው ከጆንያ ቆርጬ ጭድ ጠቀጠቅሁበት። ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ደፉት። አላዩትም፤ አንድ ነገር ግን ሰሙ።

«ብርቄ፣ ሣር ላይ ተኝቶ ነው እንዴ የሚያዜም?»

«ምን ይላል?»

«ይንኮሻኮሻል። እኔ መንጋጋዬን ሳንቀሳቅስ እሱ ይንኮሻኮሻል።» «ጣሳ መምታቱ ሳያንስ ጭድ ላይ» አሉና ደብዳቤውን አውጥተው አንድ መስመር ጨመሩበት።

ረቡዕ ጭዱን ጥዬ የባና ቁራጭ አጠፍሁና ጎድጓዳውን አፉን ጭምር ሸፈንሁት። ጸጥ ይበል ብዬ ነው። ጸጥ አለ።

«አሁን ደግሞ ጎተራ ውስጥ ገብቷል» አሉ መሪጌታ። «አፉንም ይዞታል።» ሌላ መስመር ተጨመረ። ደብዳቤው በኔ ጥረት ሁለት መስመር ረዝሟል።

ስልኬን ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤ ኔትዎርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«እትዬ ብርቄ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ ወልደ ጊዮርጊስ። «የኔታ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። እኔ የምልህ፣ ያ የጆሮው ትራስ ቢጎዳ ምን ይደረጋል?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ቢጎዳ ነው ያልሁት።»

«መለወጫ አለው። ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣ፤ ወር ከዐሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። ብቻ ቅባት አይንካው እንጂ ቶሎ አይጎዳም።»

«የምን ቅባት?»

«ማናቸውም ቅባት። የራስ ቅቤ እንኳ ያበላሸዋል።»

«ማን ቅቤ ያስነካዋል» አልሁ።

«አይ፣ የኔታን አውቃቸዋለሁ፣ ጥንቁቅ ናቸው።»

«ናቸው። እና ትራሱ ሥራው ምንድን ነው?»

«ጆሮውን አይነካም፤ ዙሪያውን ከቦ አጥንቱ ላይ ነው የሚያርፍ። ነፋስም አያስገባም። ካስገባ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ይጠፋል። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው» ብዬ ዘጋሁት። ስለ ደብዳቤው አልነገርሁትም። ምን ብዬ?

ከጉብታው ስወርድ በራሴ ተናደድሁ። የነገረኝ እኮ የገጣባ መደላድል ነው። ጀርባዋ የቆሰለ አህያ ስትመጣልኝ ቁስሉ ላይ ጨርቅ አልከምርም፤ በቁስሉ ልክ ቀዳዳ ቆርጬ ሸክሙ ዙሪያው ባለው ደኅና ሥጋ ላይ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁት ነው። የመሪጌታ ጆሮ ገጣባ መሆኑን ሳላይ ሁለት ቀን ባከንሁ።

የቀረው ነፋስ የማያስገባ ቆዳ ነው። እውነተኛ ቆዳ፣ የለፋ፣ ሕፃን ጉንጭ ላይ ቢያርፍ የማይሻክር። እንዲህ ያለ ቆዳ በአንድ ቀን አይለፋም። ቤቱን ዞር ዞር ብዬ ባይ ያለው አንድ ነው፤ መሪጌታ የሚያስተምሩበት አጎዛ። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጡበት የበግ ቆዳ ነው። ከዚያ የለሰለሰ በጋይንት የለም፤ ያለፋው የሊቅ መቀመጫ ነው።

ሐሙስ ጧት ለቅዳሴ ሲወጡ በመቀስ ከጀርባው በኩል ሁለት መዳፍ ቆረጥሁ። ጌጤ እሳት ልትጭር መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«የመሪጌታን አጎዛ ነው የምትቆርጪ?»

«ዳሩን ነው።»

«ለምን?»

«ለጆሯቸው።»

ትንሽ አሰበች። «በተቀመጡበት ሊሰሙ ነው?»

«እሳትሽን ውሰጂና ሂጂ።»

«እኔ ምን አልሁ። ሰው ሲያረጅ ሁሉም ወደ አንድ ይሰበሰባል ማለቴ ነው።»

ጠጉሩን ሸልቼ አመድ በነካው ውኃ አጠብሁት፣ አደረቅሁት። ቆዳውን እንደ ማሰሮ ማቶት ክብ አድርጌ ሰፋሁና ያንኑ የራሱን ጠጉር በውስጡ ሞላሁት፤ ለስላሳው ወገን ወደ ፊት እንዲሆን። ቀዳዳውን የለካሁት በመሪጌታ ጆሮ ነው፤ ማክሰኞ ቀን መደቡ ላይ ሲያንቀላፉ በክር ወስጄው ነበር። ከኋላ፣ ከጆሮ በስተጀርባ አጥንቱ ጎድጎድ ስለሚል፣ እዚያ ላይ አወፈርሁት፣ ከፊት አሳሳሁት። የአህያም ትከሻ እንዲሁ ነው፤ እኩል ውፍረት ያለው መደላድል የትም እኩል አይቀመጥም። በስተኋላው እንደ ኮረጆ አፍ ክር አስገብቼ ከጎድጓዳው ከንፈር ላይ ሸምቅቄ አሰርሁት። ቅቤ አላስነካሁትም። እጄን እንኳ በሳሙና ታጥቤ ነው የሰፋሁት።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ደብዳቤው ተጣጥፎ አጠገባቸው አለ፤ ማኅተሙም አለ። ማዳመጫውን አነሡና አሸተቱት።

«በግ በግ ይላል።»

«በግ ነው። ይድፉት። ጥምጥሙን አንድ ጣት ከፍ ያድርጉ።»

«ምን ሊሆን?»

«ከፍ ያድርጉት ብያለሁ።»

ደፉት። ጆሯቸው ሙሉ በሙሉ ገባ፤ ጫፉም አልቀረ። ድምፁን ከፈትሁት። ሰኞ የሰሙትን ያንኑ ነው፤ ሣጥኑ ላይ የሚታየውን ቁጥሩን አስታውሼው ነበር።

መጀመሪያ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ቀጥሎ ቅንድባቸው ተነሣ። ቀጥሎ ቀኝ እግራቸው መሬቱን መታ መታ አደረገ፤ እጃቸው ሳያዩት መቋሚያቸውን ፈልጎ አገኘ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሸምበቆ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከጨረሱ በኋላ እንኳ አላወለቁትም፤ እንደ ደፉት ጮኸው ነው ያወሩኝ።

«ከበሮውን መልሶታል።»

«ማን?»

«ወልደ ጊዮርጊስ ነዋ። ጣሳውን ጥሎ ተመልሷል። ደብዳቤዬ ሳይሄድ መንፈስ ገሠጸው።»

አንዱን ጎን ከጆሯቸው ላይ አነሣሁ። «ያው የሰኞው ነው።»

«አይደለም።»

«ነው። ቁጥሩ ያው ነው።»

«ሰኞ ጣሳ ነበር፣ ዛሬ ከበሮ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ እንግዲህ ድጓውንም አስተምሪኝ።»

ብርዕ አነሡ። ደስ ብሏቸዋል፤ ፊታቸው በርቷል። እየጻፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። «ጣሳ መምታቱን ትቶ በንስሐ ስለተመለሰ ይቅር ብዬዋለሁ፣ እናንተም ይቅር በሉት።»

«ታዲያስ?» አሉኝ። «ደስ አይልሽም? ልጅሽ ተረፈ።»

ለጥቂት ደስ ሊለኝ ነበር። ቅቤውም ተደብቆ ይቀራል፣ ልጁም ምስክሩን ያገኛል፣ ጌጤም የምታወራው ታጣለች። ግን አሰብሁት። ይህ በሊቃውንት ፊት ሲነበብ ምን ይሆናል? ሰው ይቅርታውን ይረሳል፣ ጣሳውን አይረሳም። ወልደ ጊዮርጊስ ባለ ጣሳው ተብሎ ይቀራል፤ ሲሞትም ባለ ጣሳው ሞተ ይባላል። ያልመታውን ጣሳ።

መሪጌታ ማኅተሙን አንሥተው እፍ አሉበት።

«ቅቤ ነው» አልሁ።

«የምን ቅቤ?»

«ትራሱን ቅቤ ቀባሁት። ተላጠ፣ ተፈረፈረ። ሰኞ የሰሙት ያለ ትራስ ነው። ማክሰኞ የተንኮሻኮሸው የኔ ጭድ ነው። ረቡዕ ጎተራ ያሉት የኔ ባና ነው። ልጁ ምንም አላደረገ።»

ማኅተሙ በአየር ላይ ቀረ።

«ጆሮዬ እየተላጠ ነው ስልሽስ? ዕድሜ ነው ያልሽኝ?»

«ዕድሜም አለበት።»

«ሰባት ቀን ጸበል ገብቻለሁ።»

«ጸበል ጎዳዎት?»

«ብርድ ነበር፣ ብርቄ።»

እሳቸው አላመኑኝም መሰል አንዱን ትራስ በገዛ እጃቸው ፈትተው አወለቁና ባዶውን ጎድጓዳ ጆሯቸው ላይ ያዙት። ሰሙ። መልሰው ትራሱን አጠለቁት። ሰሙ። እንደገና አወለቁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፤ ተማሪ አንዱን ቃል ሲከልስ እንደሚያደርገው። ከዚያ በዝግታ ወደ ጉልበታቸው አወረዱት።

«ጣሳ» አሉ። «ከበሮ። ጣሳ። ከበሮ።» ዓይናቸውን ወደ ደብዳቤው መለሱ። «ሰውዬውን በሕይወት ሳለ ልቀብረው ነበር።»

«እኔ ነኝ የቀበርሁት።»

«አንቺ ቆፈርሽ፣ እኔ አፈር ይዤ ቆምሁ።» ትራሱን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ይኸስ የምን በግ ነው? ምቾቱ ለጉድ ነው።»

አጎዛውን በአገጬ አመለከትኋቸው። ሄደው አነሡት፣ ገልብጠው አዩት፣ የጎደለውን በስንዝር ለኩት።

«ከየት በኩል ነው የቆረጥሽው?»

«ከጀርባው።»

«ከምቀመጥበት አይደለም?»

«ጥግ ጥጉን ነው።»

«እንግዲያ ይሁን» አሉና ማዳመጫውን መልሰው ደፉት።

ደብዳቤውን አልቀደዱትም፤ ወረቀት አይጣልም ይላሉ። ከላይ እስከ ታች በሁለት መስመር ሰረዙትና ገልብጠው በጀርባው ጻፉ። የወልደ ጊዮርጊስ ዜማ ልክ ነው፣ ከቤተ ልሔም የተማረው ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም ብለው መሰከሩ። ብቻ አንድ ቦታ ላይ ከበሮው ግማሽ እጅ ቸኩሏል አሉ፤ ይህችን ሲያገኟት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ደስ አላቸው። ከዚያ ብርዑን ለኔ ዘረጉልኝ።

«ጻፊ።»

«ምን?»

«ያደረግሽውን። ሊቃውንቱ የተሰረዘውን ያነባሉ፤ ለምን እንደ ተሰረዘ ማወቅ አለባቸው።»

«እርስዎ ይጻፉልኝ።»

«ቅቤውን እኔ ነኝ የቀባሁት? ጻፊ። በገዛ እጅሽ።»

ምድጃው ላይ የተጣደው ባቄላ ውኃው አልቆ እስኪያር ጻፍሁ። ሰባት ወር የተማርሁትን ሁሉ አውጥቼ ጨረስሁት። ሦስት መስመር ሆነ፤ «ትራሱን ቅቤ ቀብቼ ያበላሸሁ እኔ ብርቄ ነኝ። ወልደ ጊዮርጊስ ጣሳ አልመታም። ጣሳ ነው ያሉት የኔታ ናቸው።»

መሪጌታ ወረቀቱን ካይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡት።

«ይህ ሦስተኛው ለምን ያስፈልጋል?»

«እውነት ነው።»

«እውነት ሁሉ ይጻፋል?»

«የኔ ቅቤ ከተጻፈ የእርስዎም ጣሳ ይጻፋል።»

መስመሩን ደግመው አነበቡት። ብርዑን ቀለም ነከሩት፤ ሊሰርዙት ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ቆምሁ። አልሰረዙትም። «ናቸው» ካልሁት ቀጥለው በትንንሹ «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብለው ስማቸውን ጻፉና ማኅተሙን ከሁለታችንም ስም በታች አሳረፉት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሙላው ይዞት ወረደ።